ጉንጭ የማይለየው ልዩነት

ሁለት ምላጮች አሉ እንበል። ሁለቱም ከአንድ ዓይነት ብረት የተሠሩ፣ ሁለቱም የክንድን ጸጉር ገና ሲነኩት የሚቆርጡ። አንደኛው የመጨረሻ ስለቱን ያገኘው ቤልጅየም ውስጥ፣ አርደን ከሚባለው ደናማ ኮረብታ ተቆፍሮ በወጣ ቢጫ ድንጋይ ላይ ነው። ሌላኛው ደግሞ ጃፓን ውስጥ ፋብሪካ በሠራው፣ 12000 የሚል ቁጥር በተሰጠው ድንጋይ ላይ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትላጩባቸው፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ጉንጫችሁ አይነግራችሁም። ዛሬ ቢነግራችሁም ነገ ሐሳቡን ይቀይራል።

ታዲያ ውጤቱ አንድ ከሆነ የመጣበት መንገድ ምን አገባን?

ጥያቄው ሥራ የፈቱ ሰዎች ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ በከፊልም ነው። ግን ይሄንኑ ጥያቄ በየቀኑ ሌላ ልብስ ለብሶ እናገኘዋለን። ያበሻ ዶሮ ወይስ የፈረንጅ? የጫካ ማር ወይስ የሱፐርማርኬት? "ተፈጥሯዊ" የሚለው ቃል ዋጋ ያስጨምራል፣ ክርክር ይዘጋል፣ አንዳንዴም ሕሊና ያስተኛል። ምላጭና ድንጋይን የመረጥኩት ነገሩ እዚያ ላይ ራቁቱን ስለሚታይ ነው። ዶሮው ላይ ጣዕሙ እውነትም ይለያያል። እዚህ ግን ልዩነቱ ያን ያህል ሳይሆን ክርክሩ ማብቂያ የለውም። ስለዚህ ሰዎቹ የሚከራከሩት ስለ ሌላ ነገር መሆን አለበት።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ታጣፊ ምላጭ ስል ያንን በድሮ ፊልም የምናየውን፣ ከእጀታው ውስጥ ተስቦ የሚከፈተውን ማለቴ ነው። ጸጉር ቤት ውስጥ ግማሽ ምላጭ የሚገባበትን አይደለም። (እሱ ሌላ ታሪክ አለው። ለአንድ ሰው ተጠቅሞ መጣል ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው፤ ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አትጠቀሙ የሚለውን ምክር እየሰማ ያደገ ትውልድ በዚህ አይከራከርም።) ታጣፊው የግል ነው። አይጣልም፣ ይሳላል። ጸጉራቸው ጥምዝ ለሆነ ወንዶች ደግሞ ነገሩ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሦስትና አምስት ስለት የተደረደረበት መላጫ ጸጉሩን ስቦ ከቆዳ በታች ይቆርጠዋል። ጥምዝ ጸጉር ሲያድግ ደግሞ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አንገት ላይ የሚወጣው ያ የሚያሳክክ እብጠት ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አንድ ስለት ብቻ ያለው መላጫ ለብዙዎች ይሄን ያቀልላቸዋል፤ ግን አንድ ብቻ ሲሆን ያ አንዱ በደንብ የተሳለ መሆን አለበት። የደነዘ ምላጭ አይቆርጥም፣ ይጎትታል።

አሳሳሉ ሲያዩት ቀላል ነው። ምላጩ ድንጋዩ ላይ ተጋድሞ ይተኛል፤ ጀርባውም አፉም እኩል ይነካሉ። ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ስለሆነ እጅ ስለ ማዕዘን ማሰብ የለበትም። 1000 ገደማ ቁጥር ካለው ሻካራ ድንጋይ ተጀምሮ ወደ 4000 ወይም 5000፣ ከዚያ 8000፣ ከዚያ 12000 ይኬዳል፤ አናጢ ከሻካራ ብርጭቆ ወረቀት ወደ ልስልሱ እንደሚሄደው ማለት ነው። 1000 ላይ ያለው ቅንጣት መጠኑ ወደ 14 ማይክሮን ይጠጋል። 8000 ላይ ሁለት ማይክሮን አይሞላም። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሱ በፊት የነበረው የተወውን ጭረት አጥፍቶ የራሱን ትንሽ ጭረት ይተዋል። መጨረሻ ላይ ምላጩ ቆዳ ላይ ይወለወላል፣ በቃ።

ቢጫው የቤልጅየም ድንጋይ ግን ቁጥር የለውም። ኮቲኩል ይባላል። ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ሲሆን ብረት የሚበላው በውስጡ የተበተኑት የጋርኔት ቅንጣቶች ናቸው። ደስ የሚለኝ ነገር አለው፤ የቅንጣቶቹን መጠን ብቻ ብታዩ ድንጋዩ ሻካራ መሆን ነበረበት፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ 8000 ድንጋይ ላይ ካለው ቅንጣት በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ። ስለቱ ግን ከሱ አያንስም። ጋርኔት ብዙ ገጽ ያለው፣ ወደ ኳስ የተጠጋ ክሪስታል ስለሆነ ብረቱን ጠልቆ አይቧጥጠውም። በመጠን ብቻ መለካት የለመደ ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይደናገራል።

አጠቃቀሙም ሌላ ነው። ድንጋዩን አርጥባችሁ በራሱ ስባሪ ትፈትጉታላችሁ፤ ወተት የመሰለ ውሃ ይወጣል። ወተቱ ወፍራም ሲሆን ቅንጣቱ ብዙ ስለሆነ ድንጋዩ ቶሎ ይበላል። ከዚያ በየተወሰነ ምልልሱ አንድ ጠብታ ውሃ፣ እንደገና አንድ ጠብታ። ወተቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ የምላጩ ድምፅ ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ ንጹህ ውሃ ብቻ ይቀራል። አንድ ድንጋይ የአራት ድንጋይ ሥራ ሠራ ማለት ነው። ግን መቼ ነው ውሃ የሚጨመረው? ምን ያህል? ማንም በጽሑፍ አይነግራችሁም፤ የእናንተ ድንጋይ የኔን ድንጋይ አይመስልማ። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ዘገምተኛ፣ ከአንድ ጉድጓድ ወጥተውም ቢሆን።

አሁን ወደ ክርክሩ። የተራራው ድንጋይ ወዳጆች "ተፈጥሯዊው ስለት ይለሰልሳል፣ የፋብሪካው ይቆጣል" ይላሉ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ ልዩነት አለ፤ የፋብሪካው ጭረት ወጥና ትይዩ ነው፣ የተራራው ደብዘዝ ያለና የተደባለቀ። ይሄን አልክድም። እኔ የምጠይቀው ሰውዬው "ተፈጥሯዊ" ሲል ስለ ጭረቱ ቅርጽ እያወራ ነው ወይስ ስለ ሌላ የክብር ዓይነት? ብዙ ጊዜ ስለ ክብሩ ነው።

ግን ክብሩ ከየት ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ኤድዋርድ አቼሰን የሚባል አሜሪካዊ ሸክላ አፈርና የከሰል ኮክ ደባልቆ በኤሌክትሪክ አጋለው፤ ፍላጎቱ አልማዝ መሥራት ነበር። የወጣለት ሲሊኮን ካርባይድ ነው። ካርቦረንደም ብሎ ሰየመው፤ የሰው ሠራሽ መሳያ ድንጋይ ዘመን በአብዛኛው ከዚያ ይጀምራል። በነዚያው ዓመታት ሄንሪ ሟሳን የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት አሪዞና ላይ የወደቀ የሜትዮር ስባሪ ሲመረምር፣ ያው ሲሊኮን ካርባይድ እዚያ ውስጥ ተገኘ። ከሰማይ የወደቀ! ሌላው የፋብሪካ ድንጋዮች ዋና ቅንጣት አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ ሲሆን ሩቢ፣ ሰማያዊ ሲሆን ሳፋየር ብለን ጣት ላይ የምናጠልቀው። ወደ ኮቲኩሉ ስንመለስ ደግሞ ቢጫው ንጣፍ ሲሳሳ እንዳይሰበር ከስሌት ድንጋይ ጋር በሙጫ ተጣብቆ፣ በአልማዝ መጋዝ ተቆርጦ፣ ፊቱ ተስተካክሎ ነው የሚሸጠው። የቱ ጋ ነው ተፈጥሮ አብቅቶ ሰው የጀመረው?

ጆን ስቱዋርት ሚል ከሞተ በኋላ በ1874 የታተመ "ተፈጥሮ" የሚል ድርሰት አለው። ፍሬ ነገሩ ይሄ ነው፦ ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ በዓለም ላይ የሚሆነው ሁሉ ነው፣ ያኔ ፋብሪካውም ተፈጥሮ ነው። ወይ ያለ ሰው እጅ የሚሆነው ብቻ ነው፣ ያኔ ደግሞ ወረርሽኝና ጎርፍም ከነክብራቸው ይገባሉ። በመጀመሪያው ትርጉም "ተፈጥሮን ተከተል" ማለት ምንም ማለት አይደለም፤ በሁለተኛው መጥፎ ምክር ነው። ብዙ ሰው ግን አንዱን ትርጉም ይዞ ገብቶ በሌላኛው ይወጣል፣ መሃል ላይ "ጥሩ" የሚለውን ቃል ሳይታይ ኪሱ ከቶ።

እዚህ ላይ ነገሩ ከቃል ጨዋታ ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ ታሪክ አለ። ሰብሳቢዎች ዛሬ የሚሳሱላቸው ብዙዎቹ ጥንታዊ ምላጮች የእንግሊዟ ሸፊልድ ሥራ ናቸው። አንዳንዶቹ በሁለቱም ጎን ተቦርቡረው የሳሱ፣ የሚያማምሩ ናቸው። ያ ማሳሳት የሚሠራው በትልልቅ የአሸዋ ድንጋይ መንኮራኩሮች ላይ ነበር። ፍጹም ተፈጥሯዊ ድንጋይ። የአሸዋ ድንጋይ ደግሞ በአብዛኛው ኳርትዝ ነው። መንኮራኩሩ ሲሽከረከር የሚነሳው አቧራ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ሳንባውን ያደርቀዋል፣ መድኃኒትም የለውም። "የአሳዮች አስም" ይሉት ነበር። ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ስለ እንግሊዝ ሠራተኞች ባሳተመው መጽሐፍ ስለነዚህ ሰዎች ጽፏል። ሹካ የሚያሾሉትና በደረቁ የሚሠሩት ነበሩ የባሰባቸው፤ ምላጭ የሚያሳሱትም ከነሱ አይርቁም። ወጣት ሆነው ነበር የሚሞቱት። ይሄን በሽታ ካቃለሉት ነገሮች አንዱ የአሸዋ ድንጋዩ ቀርቶ በአቼሰን ዓይነቱ ሰው ሠራሽ መንኮራኩር መተካቱ ነው። ሰው ሠራሹ ውስጥ ያ ገዳይ ኳርትዝ የለም።

ስለዚህ አንድ ሰው የሸፊልድ ምላጭ ይዞ "እኔ ሰው ሠራሽ ነገር አልወድም" ሲለኝ፣ የማየው ድንጋዩን ሳይሆን ያንን አቧራ ነው። በርግጥ እሱ ቤቱ ውስጥ ኮቲኩል አርጥቦ ሲስል ማንንም አይጎዳም፤ በውሃ የሚሠራ ሥራ አቧራ የለውም። ሰውዬውን እየከሰስኩ አይደለም። ቃሉን ነው የምከሰው። "ተፈጥሯዊ" ማለት ንጹሕ ማለት ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች አርጅተው ይሞቱ ነበር።

እስካሁን ለፋብሪካው ጠበቃ የቆምኩ መሰለኝ። ትንሽ ልቀጥልና ከዚያ ልዞር። ቁጥር የሚባለው ነገር ሲያዩት ደረቅ ነው፣ ግን ቃል ኪዳን ነው። 8000 ብሎ የጻፈው ሰው፣ የትም ሁናችሁ የትም፣ ይሄ ድንጋይ ጎረቤታችሁ ጋ ካለው ጋር አንድ ነው እያላችሁ ነው። አንዱ ሌላውን ማስተማር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ያለች ልጅ ዋሽንግተን ካለ ሰው ጋር በስልክ እያወራች "8000 ላይ ሃያ ምልልስ" ብትባል ትርጉም አለው። "ወተቱ ሲሳሳ፣ ድምፁ ሲቀየር" ብትባልስ? አጠገቡ ቁማ ካላየች በቀር ከንቱ ነው። የተራራው ድንጋይ እውቀት አጠገቡ መቀመጥ ለቻለ ሰው ነው የሚደርሰው፤ የፋብሪካው ለማንም። ይሄ ቀላል የፍትሕ ጉዳይ አይደለም፤ እጅግ የተዋበ ግን ለጥቂቶች ብቻ የሚነገር ጥበብ ምን እንደሚመስል እኛ አገር ብዙ አይተናል።

ገዢውንም አስቡት። የፋብሪካ ድንጋይ ከገዛችሁ የምትገዙት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የተራራ ድንጋይ ከገዛችሁ የምትገዙት የሻጩን ቃል ነው። ኪዮቶ አካባቢ ካሉት ተራሮች የወጡ የጃፓን ድንጋዮች ላይ የጉድጓዱን ስም የሚናገር ማኅተም ይመታል፤ ናካያማ የሚል ማኅተም ዋጋውን ሰማይ ያደርሰዋል። ማኅተም ግን ቀለም ነው። ማንም ሊመታው ይችላል። ጀማሪ ሰው የወር ደሞዙን ከፍሎ አንድ ድንጋይ ይገዛል፣ ምላጩ አልሳል ሲለው ጥፋቱ የእጁ ይሁን የድንጋዩ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ሁለቱም የማይታወቁ ነገሮች ሲሆኑ አንዱ በሌላው አይፈተንም። የጀማሪ የመጀመሪያ ድንጋይ ቁጥር ያለው ይሁን የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ልዙር። ዴቪድ ፓይ የሚባል እንግሊዛዊ የእንጨት ሥራ ሰውና ዲዛይነር በ1968 ስለ እጅ ሥራ ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጥሩ ልዩነት አስቀምጧል። "በእጅ የተሠራ" እና "በማሽን የተሠራ" የሚለውን ክፍፍል ተወውና፣ ውጤቱ ሥራው ሳይጀመር የተወሰነበትን ሥራ፣ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ሊበላሽ ከሚችለው ሥራ ለየ። ሁለተኛውን የስጋት ሥራ አለው። በብዕር መጻፍ የስጋት ሥራ ነው፤ በማተሚያ ማሽን ማተም እርግጠኛ ሥራ።

ይሄን ይዘን ድንጋዮቹን እንያቸው። ቁጥር ያላቸው ድንጋዮች ስጋቱን አያጠፉም፤ እጅ ከተጫነ፣ ምላጩ ከተገለበጠ፣ አፉ ይበላሻል። ግን ከስጋቱ ውስጥ አንዱን ድርሻ ፋብሪካው ተሸክሞላችኋል። ኮቲኩሉ ምንም አይሸከምላችሁም። ውሃውን፣ ግፊቱን፣ ጊዜውን፣ የድንጋዩን ጠባይ፣ ሁሉንም እናንተ። እና እመኑኝ፣ ያ ግማሽ ሰዓት ሌላ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ነው። ስልክ አይታይም። ሌላ ሐሳብ አይታሰብም። ጆሮ ይሠራል፣ የጣት ጫፍ ይሠራል። ድንጋዩ ስላልተሠራላችሁ፣ ማለትም ማንም እናንተን አስቦ ስላልሠራው፣ ወደሱ መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። በቀን ውስጥ የምንነካው ነገር ሁሉ እኛን አስቦ፣ ለአውራ ጣታችን ተመጥኖ በተሠራበት ዘመን፣ ስለኛ ምንም የማያውቅ ነገር ፊት መቀመጥ ትልቅ ዕረፍት አለው።

ይሄ ግን የድንጋዩ ስለት የተሻለ ነው ማለት አይደለም! እዚህ ጋ ነው ሰው የሚያጭበረብረው፤ መጀመሪያ ራሱን። ያንን ግማሽ ሰዓት ስለወደደው "ስለቱ ይለሰልሳል" ይላል። ወደድኩት ማለት የሚያሳፍር ይመስል፣ ፍቅሩን የጥራት ምርመራ አስመስሎ ያቀርበዋል። አማርኛችን "ስለት" ስንል ሁለት ነገር ነው፦ የምላጩ አፍ፣ እና ለታቦት የምንሳለው። የጸሎት ሰው ስለቱን ሲያገባ "ይሄ ጥላ ዝናብ ስለሚከላከል ነው የሰጠሁት" አይልም። ተሳልኩ፣ ሰጠሁ፣ ይላል። የድንጋይ ወዳጅም ለግማሽ ሰዓቱ ነው የከፈልኩት ቢል ማንም አይከራከረውም። ችግሩ በጥራት ስም ሲናገር ነው፤ ምክንያቱም ያኔ ያ የወር ደሞዙን የያዘው ጀማሪ ይሰማዋል፣ ያምነዋልም።

የቀረ አንድ ነገር አለ፣ እሱም ተራራው። ኮቲኩል ዛሬም በትንሹ ይቆፈራል። የጀርመኗ ቱሪንጊያ ድንጋይ፣ ኤሸር በሚባል ነጋዴ ስም ዓለምን ያዳረሰው፣ ቁፋሮው ካበቃ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። የኪዮቶ ጉድጓዶችም አብዛኞቹ ተዘግተዋል፣ በከፊል ርካሹ የፋብሪካ ድንጋይ ገበያውን ስለወሰደባቸው። እንግዲህ ያለው ያለው ነው። አዲስ አይፈጠርም፤ የሚፈጠርበት ጊዜ በሰው ዕድሜ አይቆጠርም። ይሄን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው "እንግዲያው አንጠቀምባቸው፣ እናስቀምጣቸው" ነው። እኔ ተቃራኒውን ነው የማስበው። ምላጭ ከድንጋይ ላይ የሚበላው ከምንም አይቆጠርም። አንድ ጥሩ ድንጋይ ለአንድ ቤተሰብ ከአባት ለልጅ፣ ከልጅ ለልጅ ልጅ ያገለግላል። ድንጋዩን የሚያሳጣን የሚስለው ሰው ሳይሆን ሃያ ሰላሳ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው ነው። እሱ ለተራራው አዝኖ ሊሆን ይችላል፣ ግን ተራራውን ከሌላው ሰው እጅ እያወጣ ነው።

ምን ልግዛ ለሚሉኝ የምመልሰው አጭር ነው። 1000 እና 8000፣ ሁለቱም ከፋብሪካ፣ እና የቆዳ መወልወያ። በሱ አንድ ዓመት ተላጩ። ከዚያ በኋላ ቢጫው ድንጋይ ካማራችሁ ትንሹን ግዙ፤ ትንሹም ይስላል። ማኅተም አትግዙ። እኔ ሁለቱም አሉኝ፤ ጠዋት ቸኩዬ ከሆነ ቁጥር ያለውን አነሳለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቢጫውን።

የኤሸር ድንጋዮች ጫፋቸው ላይ የተለጠፈ የወረቀት ምልክት አላቸው። ድንጋዩ ውሃ ሲነካው ወረቀቱ ይላላል፣ ከዚያ ይላጣል። ምልክቱ ያለበት ድንጋይ ምልክቱ ከተላጠበት ይበልጥ ስለሚያወጣ፣ ወረቀቱን ለማዳን ብለው ድንጋዩን አንድም ቀን ሳያረጥቡ የያዙ ሰዎች አሉ።